ከቋሚ ሥራዬ እንዲያነሡኝ

ዷ! ዷ!

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የነበረ ድምፅ ነው፤ ዛሬም ዓይኑን ሲጨፍን ይሰማዋል። አራቱ መንገዶች ከሚገናኙበት መካከል ከጣውላ የተሠራች፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባች፣ ሆዷ ባዶ የሆነ ክብ መቆሚያ ነበረች። ወጣቱ የትራፊክ ፖሊስ ማለዳ ወጥቶባት ተረከዙን ከተረከዙ ሲያጋጭ ሣጥኗ እንደ ከበሮ ትመልስለታለች። ከማዶ ያለው ሰዓት ጠጋኝ መስኮቱን የሚከፍተው እሷን ሰምቶ ነበር። «ሣጥኑ ጮኸ፤ ሁለት ሰዓት ሆነ» ይላል። የሰው ሰዓት የሚያቃና ሰው የራሱን ሰዓት በፖሊስ ተረከዝ መሙላቱ አላፊ አግዳሚውን ያስቅ ነበር።

ያን ጊዜ እግር እንዳለው አያውቅም። ጤነኛ ሰው እግሩን ከየት ያውቀዋል? ረዥም፣ ቀጥ ያለ፣ ከፀሐይም ከዝናብም ጋር የተማማለ ጎበዝ ነበር። የታክሲ ነጂዎች «ምሰሶው» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙም ከደንብ ልብሱ ጋር አብሮ ተሰፋበት። «ኧረ ምሰሶው፣ ዛሬስ አሳልፈን!» ይሉታል። እሱም ሳቁን በፊሽካው ውስጥ ደብቆ ያሳልፋቸዋል።

ጣውላ ደግ ነው። ሰው ሲቆምበት ልምጥ ይላል፤ ልምጥ ማለቱም ለጉልበት ምሕረት ነው። ይህን ያወቀው ግን ሣጥኗን ካጣ በኋላ ነው። ሥራ በገባ በስድስተኛው ዓመት ፍሬን እምቢ ያለው አንድ የጭነት መኪና ቁልቁል መጣና፣ እሱ ዘሎ ሲያመልጥ ሣጥኗን እንደ ክብሪት አደቀቃት። አዛዡ መጥቶ ስብርባሪውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «አዲስ እስኪሠራ ለጊዜው መሬት ላይ ቁም» አለው።

ለጊዜው! በቋንቋችን ውስጥ የዚህችን ቃል ያህል ዕድሜ ያላት ቃል አትገኝም። ሃያ ዓመት ኖረች። በሣጥኗ ቦታ ሲሚንቶ ፈሰሰ፤ ሲሚንቶው ላይ ምሰሶው ቆመ።

ሕመሙ እንደ እንግዳ አንኳኩቶ አልገባም። በመጀመሪያ ተረከዙን ያዘ፤ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ምስማር የመርገጥ ያህል ሆነች። ቀጥሎ ወደ ጉልበቱ ወጣ፤ ቀጥሎ ወገቡ ላይ ሰፈረ። በመጨረሻ ቀኝ ትከሻውን ወረሰ። ትከሻው ምን ያድርግ? በየደቂቃው ተነሥቶ «ቁም» ሲል፣ ዞሮ «እለፍ» ሲል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአየር ላይ ኖሯል። ማታ ሸሚዙን የሚያወልቀው ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን በራሱ ላይ እየተጎተተለት ነው። የምትጎትትለት ባለቤቱ ናት።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሷም በስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ስትኖር አንገቷ ደርቋል። ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርባለት እግሩን ሲነክር እሷ ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትከሻውን ታሻለታለች፤ ሲበቃው ተነሥቶ እሱ በተራው አንገቷን ያሽላታል።

«የእኔ አንገት ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ ያንተ ጉልበት ቆሞ ቀረ» ትለዋለች። «ሁለታችንን ቢቀጣጥሉን አንድ ደህና ሰው ይወጣን ነበር።»

«ማን ይቀጣጥለናል?»

«እኔ ልቀጥል፤ የተቀደደ መስፋት ሥራዬ አይደል?»

ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁኔታው ደስ አይላትም። የሰውየው ጥርስ መፋጨት ጀምሯል። «መኪና እጄን አይቶ ይቆማል፤ ቆሞ ይሄዳል። እኔ ግን ቆሜ እቀራለሁ» እያለ ለራሱ የሚያጉረመርመውን ትሰማለች።

በጣቢያው ከእሱ ሌላም የሚያነክስ ነበር። ጠዋት ለሰልፍ ሲቆሙ አንዱ ወገቡን ይዞ፣ አንዱ ጉልበቱን እያሻሸ፣ አንዱ ከመኪና ጎማ የቆረጠውን ልባስ ጫማው ውስጥ እያስተካከለ ነው። ተረኛ መሪው ይህን አይቶ እንዳላየ ይሆናል። አንድ ቀን ምሰሶው አንድ ሰዓት ቆሞ አንድ ሰዓት ቢያርፍ ሲል ጠየቀው።

«ሐውልት አይተህ ታውቃለህ?» አለው መሪው፣ ሌሎቹ እንዲስቁለት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ፀሐይ ይመታዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፤ አመመኝ ሲል ሰምተሃል?»

«ሐውልትማ ሞቶ ነው የቆመው» አለ ምሰሶው።

ሳቁ ወደ መሪው ዞረ። ዕረፍቱ ግን አልመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። በጣቢያው የአፍ ቋንቋ ሥራው በሦስት ይከፈላል። በሞተር ብስክሌት የሚዞረው «ዟሪ» ነው፤ ቢሮ ውስጥ ክስና ሪፖርት የሚጽፈው «ተቀማጭ» ነው፤ መንገድ መካከል የሚገተረው «ቋሚ» ነው። ጠዋት ሲገናኙ «ዛሬ ዟሪ ነህ ቋሚ?» ይባባላሉ። ደንብ መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈ ነገር አይደለም። እግር ያወጣው ቃል ነው።

ጉልበቱ አብጦ ሱሪው አልገባ ያለ ዕለት ወደ ሐኪም ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጉልበቱን ተጭና፣ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንሥታ ብዙ አየች።

«ሥራዎ ምንድን ነው አባቴ?»

«መቆም።»

«ከመቆም ሌላስ?»

«ቆሞ እጅ ማንሣት።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ተወችው። በወረቀቱ ላይ የጻፈችው አጭር ነበር። የሁለቱ ጉልበቶች፣ የወገቡና የትከሻው ጉዳት ከሥራው የመጣ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ በተከታታይ አይቁም፤ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ይሰጠው። ማኅተም መታችበት። ምሰሶው ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ።

አሁን የቀረው ማመልከቻ ነው። የማመልከቻ ነገር ደግሞ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅቱ፣ አንድ ልጁ፣ በጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈች የምታድር ናት። «አባዬ፣ እኔ ልጻፍልህ፤ ሁለት ገጽ አድርጌ አንጀት የሚበላ ነገር አወጣልሃለሁ» አለችው። እሱ ግን እጁን አነሣ፤ «ቁም» ማለቱ ነው። በልጅነቱ የጽሕፈት መምህሩ፣ ጆሮውን ይዘው፣ «ረዥም ማመልከቻ አንባቢውን ያስተኛል፤ አጭርና ምሉዕ አድርግ» ብለው አስተምረውታል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ሦስት ወረቀት አበላሽቶ፣ በአራተኛው ላይ እንዲህ ሲል በተወለወለ የእጅ ጽሑፍ ጻፈ፦

«በጤና ምክንያት ከቋሚ ሥራዬ እንዲያነሡኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። አንዲት ቃል የምትተርፍ፣ አንዲት ቃል የምትጎድል አላገኘም። የሐኪሟን ወረቀት ከኋላው በመርፌ ቁልፍ አያያዘና ለማንም ሳያሳይ ሰኞ ጠዋት ገቢ አደረገው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በአራተኛው፣ መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ ተረኛ መሪው ፖስታ አመጣለት። መነጽሩን ቤት ትቶ ነበር፤ ወረቀቱን በክንዱ ልክ አርቆ በደማቁ የተጻፈውን መስመር ብቻ አነበበ፦ «ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት ከቋሚ ሥራዎ የተነሡ መሆኑን እንገልጻለን።»

ከዚያ በታች ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። ቤት ገብቼ አነበዋለሁ ብሎ አጠፈው።

ከጎኑ የተመደበውን ወጣት ፖሊስ ጠራና ወረቀቱን አውለበለበለት። «ተነሣሁ!»

«እውነትህን ነው ጋሼ? እንኳን ደስ ያለህ!» አለ ወጣቱ፤ ከልቡ ነው፤ የእሱም ወገብ ጀምሮታል። «በል ዛሬውኑ ሂድና ተቀመጥ፤ መንገዱን ለእኔ ተወው።»

ምሰሶው ወደ ሰዓት ጠጋኙ ተሻግሮ በረንዳው ላይ ባለው ዱካ ወንበር፣ በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ሰዓት ተቀመጠ። ታክሲዎቹ እያለፉ ጥሩምባ ነፉለት። አንዱ ነጂ አንገቱን አውጥቶ፣ «ምሰሶው ወደቀ እንዴ?» ሲለው፣ «ተጋደመ እንጂ አልወደቀም!» ብሎ መለሰለት። ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ የሳቀበትን ቀን አያስታውስም።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ልጅቱም ከሥራ ተመልሳ ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?»

«ከቋሚ ሥራዬ አንሡኝ ብዬ ነዋ። አጭርና ምሉዕ።»

«ወይኔ አባዬ! እነሱ ዘንድ ቋሚ ማለት እኮ ቅጥር ነው! ቋሚ ሠራተኛ፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚባለው! ሥራ ልልቀቅ ብለህ ነው የጻፍክላቸው!»

«ምን ትላለች ይህቺ ልጅ?» አለች እናትየው።

ልጅቱ ደቃቁን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችው። በራስዎ ፈቃድ የለቀቁ ስለሆኑ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የደንብ ልብስ፣ መታወቂያ፣ ቀበቶና ፊሽካ እንዲያስረክቡ፤ የጡረታ መብትዎ የአገልግሎት ዘመንዎን ባለመጨረስዎ እንደ ለቃቂ የሚታይ ይሆናል። ለሙሉ ጡረታው ሁለት ዓመት ነበር የቀረው። ሁለት ዓመት!

ባለቤቱ ጭኗን መታች። «አንተ ሰውዬ! ሰው ሥራ ሲለቅ እያወቀ ነው የሚለቀው። አንተ በቅኔ ለቀቅክ!»

በመጀመሪያ በራሱ ነደደ። ለአንድ ደቂቃ ያህል። ያን የተወለወለ የእጅ ጽሑፉን፣ የመምህሩን ምክር፣ የገዛ ኩራቱን ረገመ። ከዚያ ግን ቁጣው እንደ መኪና መሪ ዞረና ወደ ትክክለኛው መንገድ ገባ።

«እሺ፣ እኔ ተሳሳትኩ» አለ በዝግታ። «ከኋላው የሐኪም ወረቀት ነበር። ጉልበቱ አልቋል የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ያን ሁሉ ቢሮ ሲያልፍ ሁለተኛውን ገጽ የገለጠ አንድ ጣት ጠፋ? አንድ ጣት!»

ያን ሌሊት አልተኛም። ጠዋት ባለቤቱ የደንብ ልብሱን ስታለብሰው፣ «ለምናቸው» አላለችም። «ፈርም ያሉህን ሁሉ ፈርም፤ ብቻ ሥራህን ይዘህ ተመለስ። እኔ በዚህ አንገት ሁለታችንን አልችልም» አለችው።

ዋናው መሥሪያ ቤት አራት ፎቅ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሉ አራተኛው ላይ። የአሳንሰሩ በር ላይ «ለኃላፊዎች ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥበቃው ጉልበቱን አይቶ ዓይኑን ሰበረ፤ በሩን ግን አልከፈተለትም። ምሰሶው የደረጃውን ብረት በግራ እጁ ይዞ፣ አንዱን እግር አስቀድሞ ሌላውን እየጎተተ ወጣ። በሁለተኛው ፎቅ ላይ ላብ አጠመቀው። በሦስተኛው ላይ አንድ መልእክተኛ ወረቀት ተሸክሞ እየሮጠ አለፈው፤ በቁጣ ሊጠራው ፈለገና ትንፋሽ አጣ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ እንደ ምድጃ ይነድ ነበር፤ እሱም ከጉልበቱ ይብስ ነበር።

የመዝገብ ሠራተኛዋ ጠና ያለች ሴት ናት። ማኅደሩን ከመደርደሪያ አወጣችና ገለጠች፤ አንዱን ገጽ አነበበች፣ ሁለተኛውን ገለጠች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ የሐኪሙ ወረቀት እዚሁ ተያይዞ አለ እኮ።»

«እኔማ ሳላያይዘው መች ቀረሁ፤ የሚገልጥ ታጣ እንጂ።»

«ይምጡ፣ አብሬዎ ልግባ» አለችው።

ኃላፊው ከምሰሶው በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ ፊቱ የተላጨ፣ ጎማ ባለው ወንበር ላይ የሚሽከረከር ሰው ነው። ከፊቱ ሁለት የእንግዳ ወንበሮች አሉ። በአንዱ ላይ ኮቱ ተሰቅሏል፤ ሌላው ባዶ ነው። ተቀመጡ አላለም። ሴትዮዋ ማኅደሩን አስቀምጣለት በሩ አጠገብ ቆመች።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ አመለከቱ፤ እኛ ፈቀድን። ሰው የለመነውን ሲሰጡት ይቆጣል?»

«የለመንኩት መቀመጫ ነው፤ የተሰጠኝ መባረር ነው።»

«ወረቀቱ ላይ መቀመጫ የሚል ቃል የታለ? አሳዩኝ።»

«ቋሚ ይላል።»

«ቋሚ ማለት ቋሚ ነዋ።»

«እርስዎ ዘንድ። እኛ መንገድ ላይ ቋሚ የምንለው በሁለት እግሩ የሚቆመውን ነው። ለመሆኑ እርስዎ ቋሚ ሠራተኛ አይደሉ? ከገባሁ ጀምሮ ሲቆሙ አላየሁም።»

በሩ አጠገብ ያለችው ሴት ከንፈሯን ነከሰች። ኃላፊው ወንበሩን ወደ ግራ አሽከረከረ፣ ወደ ቀኝ አሽከረከረ።

«ይስሙኝ፤ ላግዝዎ ነው። ነገሩ ሳይሰፋ የሚያልቅበት መንገድ አለ።» መሳቢያውን ስቦ ንጹሕ ወረቀት አወጣ፤ ራሱ ሁለት መስመር ጻፈበትና ወደ ምሰሶው ገፋው። «እዚህ ይፈርሙ። ነገ ጠዋት ፊሽካዎን ይዘው ቦታዎ ላይ ነዎት።»

ምሰሶው በዚህ ጊዜ መነጽሩን አልረሳም። አደረገና አነበበ፦ «ሙሉ ጤነኛ ሆኜ ሳለሁ ማመልከቻውን በስሕተት ያቀረብኩ መሆኔን፣ ለመቆምም ብቁ መሆኔን አረጋግጣለሁ።»

እስኪርቢቶው ቀርቦለታል። ፈርም ያሉህን ሁሉ ፈርም፤ የባለቤቱ ድምፅ ከነአንገቷ፣ ከነክርዋ፣ ከነሳፋዋ መጣበት። ሁለት ዓመት ነው። አንድ ፊርማ ነው። እስኪርቢቶውን አነሣ፤ ትከሻው እንደ ሸክላ ስንጥቅ አለ። ለመፈረም እንኳ እጁን ጠረጴዛው ላይ ለማውጣት በግራው መደገፍ ነበረበት። ቀኝ እጁ እያቃሰተ፣ ደህና ነኝ ብሎ ሊፈርም ነው!

ያን ጊዜ እስኪርቢቶውን አስቀመጠ። ባዶውን ወንበር ሳበ፤ የወንበሩ እግር ወለሉን ፋቀውና ክፍሉ ጮኸ። ተቀመጠ። ሁለት እግሩን ወደ ፊት ዘረጋ።

ኃላፊው ደነገጠ። «ማን ተቀመጡ አለዎት?»

«ሐኪሟ።»

«ምን?»

«ሐኪሟ ናት ያለችኝ። ገጹን ይግለጡትና ያንብቡ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ይነሡ!»

«አልነሣም። በፀሐይ ቆሜያለሁ፣ በዝናብ ቆሜያለሁ፤ ለባለ መኪና ሁሉ፣ ለእርስዎም መኪና ቆሜያለሁ። ዛሬ ጠዋት ለኃላፊ ብቻ የተባለውን አሳንሰር እያየሁ አራት ፎቅ በእነዚህ እግሮች ወጥቻለሁ። ጉልበቴን የበላው ይህ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከበላው በኋላ አልበላሁም ብለህ ፈርም ይለኛል? ጉልበቴን ውሸታም ላደርገው ነው? ገጹን ይግለጡት! አንድ ጣት ነው የሚፈልገው!»

ድምፁ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። የሚሮጡ እግሮች በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ኃላፊው ወደ በሩ አየ፣ ወደ ሴትዮዋ አየ፤ ዓይኗን አልሰበረችለትም። እየገላመጠ ማኅደሩን ወደ ራሱ ሳበና ገጹን ገለጠ።

አነበበ። እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበበ። ከማኅተሙ አጠገብ፣ በኅዳጉ ላይ፣ በአረንጓዴ ቀለም «ታይቷል» የሚል ቃልና ፊርማ አለ። አረንጓዴ እስኪርቢቶው ደረት ኪሱ ላይ ተሰክቷል። የገዛ ፊርማው ነው።

ማኅደሩን ከደነው።

«እንግዲህ ይህ… በየቀኑ ስንት ወረቀት ነው የሚመጣብኝ» አለ ኃላፊው።

«በየቀኑ ስንት መኪና ነው የሚመጣብኝ?» አለው ምሰሶው። «አንዱን ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ባሳልፍ ሰው ይሞታል።»

ሴትዮዋ ከበሩ ራመድ አለች። «መሻሪያ ደብዳቤ ላዘጋጅ?» ስትል ጠየቀች።

«አዘጋጂ። አዛዡ መፈረም አለባቸው።»

«መሻሪያው ብቻ አይበቃኝም» አለ ምሰሶው፣ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ። «ተሽሮልኝ ነገ ተመልሼ ልገተር? ወደ ተቀማጭ ሥራ መዛወሬም ይጻፍ። የሐኪሟ ወረቀት ይጠቀስ፤ ከሥራው የመጣ ጉዳት የሚለውም ይግባበት። በአንድ ወረቀት። እስኪመጣ እዚሁ ነኝ።»

ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ ራሱ የጻፈውን ባለ ሁለት መስመር ወረቀት አነሣ፤ አራት አድርጎ አጠፈና ኪሱ ከተተው። አንገቱ ድረስ ቀልቷል። ለሴትዮዋ «በአንድ ወረቀት አድርጊውና አዛዡ ቢሮ አምጪልኝ፤ አስፈርመዋለሁ» አላት። ከዚያ ኮቱን ከወንበሩ ላይ ነጠቀ፣ ማኅደሩን በብብቱ ያዘ፣ በተዘረጉት እግሮች ዙሪያ ዞሮ አለፈ። ደህና ይዋሉ አላለም፤ ዞሮም አላየም። በሩን ክፍት ትቶ ወጣ።